የጠበበው የሽንት ቧንቧ መድማት ሲጀምር

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። በወጣትነቴ ጨብጥ ይዞኝ ያውቃል። ኋላ ላይ የሽንት ቧንቧዬ ጠቦ ደሴ ሁለት ጊዜ አስፍተውልኛል። አሁን ሽንቴ እንደገና እንደ ክር ቀጥኗል፤ ሳልሸናም የውስጥ ሱሪዬ ላይ የደም ጠብታ አያለሁ። ደግሜ ላሰፋው? ለልጆቼ ለመናገር አፍሬያለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ከማስፋትዎ በፊት ቧንቧው ውስጡ ይታይ።

ለሽንት መቅጠን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ጠባሳ ወይም የፕሮስቴት እጢ ማደግ ነው። ደሙም ከኢንፌክሽን ወይም ከጠጠር ሊመጣ ይችላል። ሆኖም ለዓመታት ሲቆጣና ሲጠብ በኖረ ቧንቧ ላይ አልፎ አልፎ ካንሰር ይነሳል። ከካንሰር ሕመሞች ሁሉ ከ100 አንዱን እንኳ አይሞላም። ምልክቱ የተለመደውን ጥበት ስለሚመስል ግን ቶሎ አይጠረጠርም፤ ቧንቧው ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ ደግሞ ይሰፋል፣ በመሃል ካንሰሩ ያድጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በብዛት የሚነሳው በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው የቧንቧው ክፍል ነው፤ ጥበትም የሚበዛው እዚያው ነው። በዚያ ቦታ ወይም በብልትዎ ላይ ጠጣር እብጠት፣ በብሽሽትዎ የማይጠፋ ንፍፊት፣ ወይም መግል ካለ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በቧንቧው ገብቶ ውስጡ ይታያል፤ ከሚያጠራጥረው ቦታ ናሙና ተቆንጥሮ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ፣ ይላካል። ቁርጡን የሚናገረው ናሙናው ነው፤ የሽንት ምርመራ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ካንሰር ከተገኘ የዘለቀበት ጥልቀትና የደረሰበት ቦታ በኤምአርአይና በሲቲ ስካን ይለያል።

ሕክምናውን የሚወስነው ቦታውና ጥልቀቱ ነው። ወደ ብልት ጫፍ ያለና ላይ ላዩን የሆነ ከሆነ የታመመውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማውጣት ሊበቃ ይችላል። ወደ ውስጥ የዘለቀው ከበድ ያለ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ፊኛና ፕሮስቴት ጭምር የሚወጡበት ጊዜ አለ። ኬሞቴራፒና ጨረርም ሊታከሉ ይችላሉ፤ ለጨረሩ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በዚህ ሳምንት ደሴ ይሂዱና የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም እንዲያይዎት ይጠይቁ። የቀድሞ የሕክምና ወረቀቶችዎን ይያዙ። ሕመም አያሳፍርም፤ ከልጆችዎ አንዱ አብሮዎት ይሂድ። ሽንትዎ ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።