መልስ፦ ስድስት ኪሎ ዲግሪ ከመስጠት ያለፈ ምን ሠርቷል?

«ስድስት ኪሎ ዲግሪ ከመስጠት ያለፈ ለአገር ማንነት ምን ሠራ?» ብለህ ለጠየቅከው፦

በመጀመሪያ ግቢው፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ ራሱ ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት። ከቤተ መንግሥቱ ፊት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲቆጥር። ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ሳየው ሁሌም ልቤ ሞቅ ይላል። ስለ ማንነት ከብዙ ንግግር ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ትልቁ፣ ተማሪው ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ልጅ አንድ ዶርም አደረ፣ አንድ ካፌ በላ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ገጠር እየወጣ አስተማረ። የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አየ። «መሬት ላራሹ» የሚለው የተማሪዎች መፈክር በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ወጣ። በ1962 ዓ.ም. ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ አነሳ። ያ ክርክር እስከዛሬ አልተዘጋም፤ እስማማ አልስማማ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ።

ስለዚህ ግቢው አንድ ወጥ ማንነት አልሠራም። «ኢትዮጵያ የማን ናት?» ብሎ ጮክ ብሎ የጠየቀ ቦታ ነው።

አዲስ አበባ ካለህ በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግባ። የንጉሡ መኝታ ክፍል አሁንም እዚያው አለ።