ቢዝነስ ሬት ሲበዛብሽ መጀመሪያ ካሬ ሜትሩን እዪ

እህቴ፣ «ለንደን ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ፣ ቢዝነስ ሬቱ (የንግድ ቤት ግብሩ) ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ ግምቱን መቃወም ይቻላል ወይ?» ላልሽው፣ አዎ ይቻላል። እኔ ተቃውሜ አስቀንሻለሁ። ግን ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ሄደሽ አትልፊ። ካውንስሉ ብሩን ይሰበስባል እንጂ ግምቱን የሚያወጣው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

ግብሩ የሚሰላበት ሬተብል ቫልዩ የሚሉት ሱቅሽ በዓመት ስንት ሊከራይ ይችል ነበር የሚል ግምት ነው። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ የሚሠራበት ግምት የተሰላው በኤፕሪል 1 ቀን 2024 በነበረው ኪራይ ነው። ስለዚህ «ገበያ ቀዝቅዟል፣ ልከስር ነው» ብትዪ ለውጥ አያመጣም። ብዙ ወገን ተናዶ ይህንኑ ጽፎ ይልክና ውድቅ ይደረግበታል፣ ያሳዝናል።

በመንግሥት ድረ ገጽ አካውንት ክፈቺና የሱቅሽን ዝርዝር አውጪ። ከዚያ ሜትር ይዘሽ ለኪ! የሱቅ ቦታ ሁሉ እኩል አይገመትም፤ ከመስኮቱ ጀምሮ ያለው 6.1 ሜትር ሙሉ ዋጋ ይያዝለታል፣ ቀጥሎ ያለው ግማሹ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የዚያ ግማሽ። እኔ ስለካ ከጓሮ ያለው መጋዘን በእኔ ስም ተቆጥሮ አገኘሁት፣ አከራዩ ግን እኔ ከመግባቴ በፊት በግድግዳ ለይቶ ለጎረቤት ሰጥቶታል። የሊዙን (የኪራይ ውሉን) ፕላንና የግድግዳውን ፎቶ አያይዤ ላክሁ፣ ተስተካከለ። ይህ «ቼክ» (ማጣራት) የሚባለው የመቃወሚያው የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ልኬቱ ትክክል ሆኖ ዋጋው ከተጋነነ፣ የቼኩ ውጤት በመጣ በ4 ወር ውስጥ «ቻሌንጅ» (የግምቱን ዋጋ መቃወሚያ) ታስገቢያለሽ። እዚህ ላይ የሚያዋጣሽ የጎረቤቶችሽ ኪራይ ነው። በ2024 አካባቢ ሊዝ የፈረሙትን ዞረሽ ጠይቂ፣ ሐበሻ ከሆኑ አይደብቁሽም። ካልተስማማሽ ወደ ትሪቡናል (ይህን ክርክር የሚዳኝ ችሎት) ይግባኝ አለ።

እስከዚያው ግን የመጣውን ቢል ክፈዪ፣ ክርክር ላይ ነኝ ብለሽ ማቆም አይቻልም። ግምቱ ሊጨምርም ስለሚችል ሳትለኪ አትጀምሪ። ስልክ ደውለው «እናስቀንስልሻለን፣ ቅድሚያ ክፈዪ» የሚሉ ኤጀንቶችን አደራ እንዳትሰሚ፣ በራስሽ መጠየቅ በነፃ ነው።

ደግሞ ያለሽ ሱቅ ይህ ብቻ ከሆነና ግምቱ 12,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ የአነስተኛ ንግድ ቅናሽ አለና ምንም አትከፍዪም፤ እስከ 15,000 ድረስም በከፊል ይቀነስልሻል። ለዚህኛው ማመልከቻ የምታስገቢው ለካውንስሉ ነው።