የደረቀ የፕሮሰሰር ፔስት ያለ ጭረት ስለማንሣት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ለስምንት ዓመት ያህል የሠራሁበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፤ ቀጥሎም በራሱ ይጠፋል። ከፍቼ ሂትሲንኩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን ዋና ማስሊያ) የሚያቀዘቅዘውን ባለ ክንፍ ብረት፣ ሳነሣው በሥሩ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) እንደ ኖራ ደርቆ አገኘሁት፤ ግማሹ ፕሮሰሰሩ ላይ ቀርቷል። በቢላ ልፍቀው ብዬ ብረቱን እንዳልጎዳው ፈርቼ ተውኩት። አንድ ወዳጄ በቤንዚን እጠበው ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቢላውን መተውዎ ትክክል ነው፤ ቤንዚኑንም እንዲሁ ይተዉት። የነገሩኝ ምልክት፣ ማለትም ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት መንቀራፈፉ፣ የሙቀት ችግር መሆኑን በደንብ ያመለክታል፤ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያም ካልበቃው ይዘጋል። ሂትሲንክ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው ስለማይችል፣ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲወጣ፣ ጠዋት ላይ የማይታየው ድክመት ከምሳ በኋላ ገሃድ ይወጣል።

ከማጽዳትዎ በፊት ፔስቱ ለምን እንደሚቀባ ቢያውቁ እጅዎ ይጠነቀቃል። የሂትሲንኩ ሥርና የፕሮሰሰሩ ክዳን ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም በላያቸው ጥቃቅን ጎድጓዶች ስላሉ፣ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው አየር ይቀራል። መዳብ ከአየር ከ15,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ ያች ቀጭን የአየር ሽፋን ሙቀቱን ታግደዋለች። ፔስቱ የተሠራው የአየሩን ቦታ እንዲይዝ ብቻ ነው፤ ዘይቱ ከውስጡ ሲለይና ሲሰነጣጠቅ አየሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢላ የሚያደርሰው ጉዳትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ የሚያሳስበው የጭረቱ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን በጭረቱ ዳርና ዳር የሚነሣው ስለታም ጠርዝ ነው፤ ምክንያቱም ያ ጠርዝ ሁለቱ ብረቶች በትክክል እንዳይቀመጡ ያደርጋል። በሽቦ ማጠቢያና በአሸዋ ወረቀት መፈተግንም አልደግፍም፤ ብናኙ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ከወደቀ ኤሌክትሪክ ያገናኛል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ካጡት ግን ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ማድረቂያ ጊዜውን ማርዘም ነው። የእጅ ማጽጃ ጄል ግን አይሆንም፤ ግሊሰሪኑ ብረቱ ላይ ይቀራል። ነጭ ጋዝም ቅባት ይተዋል። ቤንዚን ከቅሪቱ በላይ የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው፤ በሞቀ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን በሚሠራበት አጠገብ፣ ትነቱን የሚያቀጣጥል ብልጭታ አይጠፋም።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑ፤ ከዚያም ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ፋኑን ከሂትሲንኩ ለይተው ያስቀምጡ። የተረፈውን ወፍራም ቅርፊት በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ወይም በሌላ ፕላስቲክ ጠርዝ በቀስታ ገፍተው ያንሡ፤ እምቢ ያለውን አያስገድዱት። ንጹሕ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ በአልኮል ነክረው ቅርፊቱ ላይ ያልብሱትና አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አልኮሉ ሳይሠራ በጉልበቱ መፈተግ ይጀምራል። እርስዎ ግን ጊዜ ሰጥተው ሲመለሱ ቅርፊቱ እንደ ጭቃ ለስልሶ ያገኙታል። ያን ጊዜ ከዳር ወደ መሃል ይጥረጉት፤ ከመሃል ወደ ዳር ከሆነ ይለቀለቃል። የጨርቁን ፊት በየጊዜው እየለወጡ ይደጋግሙ፤ በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ አልፎበት ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ጸድቷል። ብረቱ ላይ የሚቀረው የቀለም ለውጥ ቆሻሻ ስላልሆነ አያሳስብዎት። ከዚያ በኋላ በጣትዎ አይንኩት፤ የጣት ቅባትም ቅባት ነው።

ፕሮሰሰሩን ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካበት ቦታ (ከሶኬቱ) ሳያወጡ፣ እዚያው እንደተቆለፈ ያጽዱት። አልኮሉን ጨርቁ ላይ እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይ አያፍስሱ፤ ለጠርዙ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጠቀሙ። ይህን የማጠብቀው በራሴ ስለደረሰ ነው፤ ከዓመታት በፊት በከዚራ ሰፈር በምሠራበት ጊዜ የደረቀ ፔስት ያጣበቀውን ሂትሲንክ በቀጥታ ወደ ላይ ስስበው ፕሮሰሰሩ ከነእግሮቹ አብሮ ተነቅሎ ወጣ፤ የጎበጡትን እግሮች ለማቅናት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤኤም 5 የተባለው ሶኬት ከመምጣቱ በፊት ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው አብዛኞቹ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች እግራቸው ከራሳቸው ሥር ስለነበር ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሲከፍቱ ማሽኑን አስቀድመው አሥር ደቂቃ ያሠሩት፤ ፔስቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከዚያ አጥፍተውና ገመዱን ነቅለው ሂትሲንኩን በጥቂቱ ግራና ቀኝ እያዞሩ ያላቁት።

ሂትሲንኩ በእጅዎ ሳለ በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ በብሩሽ ያውጡ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚነሣው ነፋስ በየሱቁ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ አዲስ ፔስት በታፈነ ሂትሲንክ ሥር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ፋኑን አየር ሲነፉበት እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት።

ሁለቱም ብረቶች በደንብ ከደረቁ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ ብቻ ያድርጉ። መብዛቱ አይጠቅምም፤ የሂትሲንኩ ጫና ራሱ ያሰራጨዋል። ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻ ከማጥበቅ ይልቅ፣ በሰያፍ እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። አስቀምጠው መልሰው ካነሡት ግን አየር ስለሚገባበት ሁሉንም ጠርገው እንደገና መቀባት ግድ ነው።

የፋኑን ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ የሲፒዩ ፋን ተብሎ በተጻፈበት ቦታ መሰካትዎን አይተው ያብሩና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሙቀቱን ይመልከቱ። ከዚያም ከቀትር በኋላ እንደ ወትሮው እያሠሩት ሙቀቱን ይከታተሉ። ከ80 ዲግሪ በታች ሆኖም የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከፔስቱ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመረመረው ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን (ፓወር ሰፕላዩ) ነው፤ እሱን ግን ከነቀሉት በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ስለሚቆይ ራስዎ ሳይከፍቱት ለባለሙያ ይስጡት።