ስሙን ጥሩት፦ ሜዲቴሽን ለጀመራችሁ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአፌ ያልጠፋ ጥያቄ ቢኖር "ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" የሚለው ነው። ታካሚው ቁጥር ይነግረኛል። እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን የእናቴ እኩያ የሆኑ የአገራችን ሰው መጡ። አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ጠየቅኳቸው። "ቁጥሩን ተዪውና ልንገርሽ" አሉኝ። "ከወገቤ ይነሳል። በታፋዬ በኩል እንደ ጉንዳን እየሄደ ይወርዳል። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ይጠዘጥዘኛል። ትንሽ ቆይቶ ያቃጥለኛል። ከዚያ እንዳልነበረ ሆኖ ይተወኛል። ኋላ ደግሞ ይመጣል።"

ቅጹ ላይ ለዚህ ሁሉ ቦታ አልነበረም። ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

ያኔ ሜዲቴሽን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አስተማሪዬ በየጊዜው የሚለምነኝ ይህንኑ ነበር። "ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ አትለፊው። ምን ዓይነት ሕመም? የት ጀመረ? አሁን ምን ሆነ?" ይለኛል። እኔ መልሱ ይጠፋኛል። እኚህ እናት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ሁሉንም በስም በስሙ ጠሩት።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትቀመጡ በሰውነታችሁና በልባችሁ የሚመጣውን ነገር በስሙ ስለ መጥራት። በአማርኛ ስሙ።

ወጣቶች ሲያወሩ እሰማለሁ። "ደብሮኛል" ይላሉ። "ስትረስ ላይ ነኝ" ይላሉ። "ሙዴ ጥሩ አይደለም" ይላሉ። እነዚህ ቃላት ልክ እንደኔ ሰባት ናቸው። "ደበረኝ" ያለ ልጅ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል የያዘው። ቅናት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። ምሳ ሳይበላ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም አንድ ስም ከሰጠናቸው ለሁሉም አንድ መድኃኒት እንፈልጋለን። ያ መድኃኒት ዛሬ ብዙ ጊዜ ስልክ ነው።

ዘዴው የመጣው ከበርማ፣ ከዛሬዋ ምያንማር ነው። በሰፊው ያስተማሩት ማሃሲ ሳያዶ የሚባሉ የቡድሃ መነኩሴ ናቸው። ሳያዶ እኛ የኔታ እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ማሃሲ ደግሞ ከኖሩበት ገዳም ትልቅ ከበሮ የተገኘ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ተወልደው በ1982 አረፉ። በ1949 በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኡ ኑ ጥሪ ወደ ራንጉን መጡ። ከዚያ በኋላ ተራው ሕዝብ፣ ነጋዴውም የቢሮ ሠራተኛውም፣ ሳምንታት እየቆየ ይማርባቸው ጀመር። ትምህርታቸውን የወሰዱ አሜሪካውያን በ1976 ማሳቹሴትስ ውስጥ ባሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ማዕከል ከፈቱ። ወደ እኔም የደረሰው በዚያ በኩል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትቀመጣላችሁ። ልባችሁን ሆዳችሁ ላይ ታሳርፋላችሁ። ስትተነፍሱ ሆድ ይነሳል፣ ይመለሳል። ሲነሳ በልባችሁ "ከፍ" ትላላችሁ። ሲመለስ "ዝቅ"። መኪና ጥሩምባ ቢነፋ "መስማት"። ጀርባችሁን ቢበላችሁ "ማሳከክ"። ነገ የምታደርጉትን ስታወጡ ስታወርዱ ራሳችሁን ብታገኙት "እቅድ"። ከዚያ ወደ ሆድ መመለስ ነው። ከፍ፣ ዝቅ። ስትራመዱም እንዲሁ ነው፦ ማንሳት፣ መግፋት፣ ማስቀመጥ። በማሃሲ ሥርዓት አንድ ሰዓት መቀመጥና አንድ ሰዓት መራመድ እየተፈራረቁ ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ። እናንተ በአሥር ደቂቃ ጀምሩ።

ቃሉ ትንሽ ይሁን። የልባችሁ ትልቁ ድርሻ እግራችሁ ላይ ያለው ማቃጠል ጋ ይቆይ። "ማቃጠል" የሚለው ቃል ከኋላ ቀስ ብሎ ይከተል። ትክክለኛውን ስም ፍለጋ ከተሯሯጣችሁ ነገሩ ያመልጣችኋል። ስም ካጣችሁለት "አንድ ነገር" በሉት። በቂ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ይህን ልምምድ ለዓመታት በእንግሊዝኛ ነበር የምሠራው። የተማርኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በሌላ ይሠራል ብዬም አላሰብኩም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲርበው "ርሃብተኛ ነኝ" እንደማለት ነው የሚናገረው። ነኝ ይላል። ስሜቱን ራሱን ያደርገዋል። እኛ ግን "ራበኝ" እንላለን። ራበ። ማንን? እኔን። በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ሰለቸኝ፣ ናፈቀኝ፣ አመመኝ። ልብ ብላችሁ ስሟቸው። አንድ ነገር ከውጭ መጥቶ እኔን ይነካኛል። እኔ ያ ነገር አይደለሁም። የበርማው መነኩሴ በብዙ ድካም ሊያሳዩት የሚፈልጉትን ነገር እናቶቻችን ከጡት ጋር ነው ያጠቡን።

ሁሉም ስሜት እንዲህ አይደለም። ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ አፈርኩ እንላለን። እነዚህ ላይ "እኔ" ባለቤት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ለእኔ በጣም የሚከብዱኝም እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በልምምዱ ግን ሁለቱንም ዓይነት ትንሽ ማሳጠር ይቻላል። "ጨነቀኝ" ብላችሁ ጀምሩ። ትንሽ ስትቆዩ መጨረሻ ላይ ያለችውን "ኝ" ተዉአት። ጭንቀት። ጭንቀት። "ተናደድኩ" የነበረውም ንዴት ይሁን። ደመና ሲያልፍ አይታችሁ "ደመና" እንደምትሉት ማለት ነው።

እናቴ ባረፈች በዓመቱ ለአሥር ቀን ዝምታ፣ ሳይነጋገሩ ሜዲቴሽን ወደሚሠሩበት ቆይታ፣ ገብቼ ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘው። ከዓይኔ ጀርባ ሞቀኝ። የተማርኩትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሐዘን የሚለውን፣ ደጋግሜ ጠራሁ። ምንም አልሆነም። የሰው ካፖርት የለበስኩ መሰለኝ። ያኔ ማንም ሳይጠራው "ናፍቆት" የሚለው ቃል በአማርኛ መጣ። ደረቴ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ጤና አዳም የገባበት ቡና ሸተተኝ። እናቴ ያለ ጤና አዳም ቡና አትጠጣም ነበር። "ማሽተት" ልል ስል ክፍሉ ውስጥ ቡና እንደሌለ ትዝ አለኝ። "ትዝታ" አልኩ። ከዚያ እንባው መጣ። "ማልቀስ።" ጉንጬ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ ሞቃት ነበር፣ አገጬ ጋ ሲደርስ ቀዝቃዛ። "ሙቀት። ቅዝቃዜ።" ናፍቆቱ እስከ ማታ ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። በመጣ ቁጥር ስሙን ጠራሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአማርኛ ነው የምለማመደው። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ አፋችሁን የፈታችሁበት ከሆነ በዚያው አድርጉት።

አሁን ደግሞ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አለቃዬ በሰው ፊት ተናገረችኝ። ጥፋቱ የኔ አልነበረም። ሲነጋ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ፣ የተማርኩትን ልሥራበት አልኩ። "ንዴት! ንዴት! ንዴት!" ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ጭራሽ ነደድኩ። በሳምንቱ ለአስተማሪዬ ስነግረው "ስትጠሪው ድምፅሽ እንዴት ነበር?" አለኝ። መልሱን ሳልናገር ገባኝ። ስሙን የጠራሁት እንዲሄድልኝ ነበር። ስም መጥራት መጥረጊያ ሲሆን ንዴቱ ራሱ ነው መጥረጊያውን የያዘው።

በሌላ ጊዜ ያው ንዴት ሲመጣ ቀስ አልኩ። መንጋጋዬ ገጥሟል፦ "መጨበጥ"። ጆሮዬ ግሏል፦ "ሙቀት"። አእምሮዬ ልናገር የነበረውን መልስ እየደጋገመ ነው፣ አንዴ እኔን ሆኖ አንዴ እሷን ሆኖ። ለዚህ "ሙግት" የሚል ስም ሰጠሁት። ከሁሉም የምጠቀምበት ስም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሙግቱ ረገብ ሲል ከሥሩ ሌላ ነገር ተቀምጦ አገኘሁ። እፍረት ነበር። ትንሽ ልጅ እያለሁ የማውቀው እፍረት። ስንት ዓመት ንዴት ስል ኖሬ እሱን አንድ ቀን በስሙ አልጠራሁትም።

በሳይንስ በኩልም የተሞከረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ሰዎችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን አሳዩ። ለፊቱ የስሜት ስም ሲመርጡ አሚግዳላ የሚባለው፣ አደጋ ሲመጣ ደወል የሚደውለው የአንጎል ክፍል፣ ረገብ አለ። ለፊቱ የወንድ ወይም የሴት ስም ሲመርጡ ግን ያን ያህል አልረገበም። ሙከራው በሜዲቴሽን ላይ አልነበረም፣ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልለጥጠውም። ለእኔ ግን ንዴቱን ቀስ ብዬ በስሙ የጠራሁት ጊዜ ያየሁትን የሚመስል ነገር ነው።

ይህ ብቸኛው መንገድ ነው የሚላችሁ ካለ አትቀበሉት። ከበርማ የወጡ ሌላው ታላቅ መምህር ጎኤንካ ቃል ሳይጠቀሙ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር መዳሰስን ነው ያስተማሩት። ለአንዳንድ ሰው ቃሉ ከነገሩ ይልቅ ጎልቶ ይሰማዋል። እንዲህ ከሆነባችሁ ስሙን ተዉትና ማየቱን ቀጥሉ።

"ሃይማኖቴስ?" የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሥሩንም አልደብቅም። ዘዴው ከቡድሃ ትምህርት ነው የወጣው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጸሎቴንም ቁርባኔንም አልተውኩም። ሐሳብን በስሙ ለይቶ ማወቅ በክርስትናም የታወቀ ነገር መሆኑን ሳገኝ ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው የግብጽ በረሃው መነኩሴ ኢቫግርዮስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ለይቶ በስማቸው ጽፏል። መነኩሴው ሐሳቡን እንዲመለከት፣ መቼ እንደሚበረታ፣ መቼ እንደሚላላ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል እንዲያስተውል ያስተምራል። ዓላማቸው ይለያያል። ኢቫግርዮስ ሊዋጋው ነው የሚለየው፣ ማሃሲ ሊያውቁት። ከተጠራጠራችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም የምታምኑትን ሼኽ ጠይቁ። ለማንም ብላችሁ ሳታምኑበት አትቀመጡ።

አንድ ነገር ግን በነርስነቴ አጥብቄ እናገራለሁ። በጦርነት፣ በስደት መንገድ ወይም በሰው ቤት ሥራ ላይ ክፉ ነገር ያሳለፋችሁ አላችሁ። ዓይን ሲጨፈን ያ ነገር ተመልሶ የሚመጣባችሁ ከሆነ አትጨፍኑ። እግራችሁን መሬት ላይ አድርጉና "መርገጥ" በሉ። የምታዩትን ጥሩ፦ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ዛፍ። ብዙ ቀን የሚፈጅ ዝምታ ውስጥ አትግቡ። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አናግሩ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማችሁ ወይም ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ያለባችሁም እንዲሁ። ይህን ለነገ አታሳድሩት።

ሌሎቻችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ወንበር ይበቃል፣ እግር ማጣመር አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ከ"ከፍ" እና "ዝቅ" በቀር ብዙ ላታገኙ ትችላላችሁ። ከዚያ "መሰልቸት" ይመጣል። እሱን ስትጠሩት የት እንዳለ እዩት። እኔ ግንባሬ ላይ ነው የማገኘው፣ እንደ ጠበበ ቆብ ይጫነኛል። ደቂቃው ሲያልቅ ዘላችሁ አትነሱ። ከመነሳቱ በፊት ልነሳ የሚል ትንሽ ፍላጎት ይመጣል። "መፈለግ" በሉት። ከዚያ እጃችሁ ጉልበታችሁን ሲደገፍ፣ ክብደቱ ወደ እግር ሲሄድ፣ ወገባችሁ ሲቃና፣ "መነሳት"።