ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ሰብዉፈሩ ለምን አብሮ ሄደ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ሆም ቲያትር ከ220 ወደ 110 ቮልት በሚቀይር ባለ 500 ዋት ትራንስፎርመር እያሠራሁ ለዓመታት ያለ ችግር ተጠቅሜበታለሁ። ዘንድሮ ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥንና የራሱ ማጉያ ያለው ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ጨመረልኝ። ሁሉም የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ በአንድ ዲቫይደር ሰብስቤ በዚያው ብፌ ውስጥ በሚቀመጠው ትራንስፎርመር ላይ ሰካኋቸው። ጥቂት ሳምንታት ከሠሩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ኳስ እያየን ድምፁን ከፍ ሳደርግ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚመስል ሽታ መጣ። ወዲያው ሰብዉፈሩ ጧ ብሎ ጠፋ፤ ሆም ቲያትሩም አብሮት ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥዕሉን ማሳየቱን ቀጠለ። ጎረቤቴ «ያቃጠላቸው አዲሱ ቴሌቪዥን ነው» ይሉኛል። እውነት ነውን? ዕቃዎቹስ ይጠገናሉ?
አንባቢያችሁ፣ ከገርጂ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጎረቤትዎ ግምት ከፊል እውነት አለው፤ ዋናው ጥፋት ግን የትራንስፎርመሩ ነው። ይህን የሚነግረን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሥራውን መቀጠሉ ነው።

በየገበያው በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት ብዙዎቹ ትራንስፎርመሮች መግቢያውና መውጫው የተለያየ ጥቅል ሽቦ ያላቸው አይደሉም። አንድ ረጅም ጥቅል ብቻ ነው ያላቸው፤ ከመካከሉ ሽቦ ይወጣለትና የ220ው ግማሽ በዚያ በኩል ይገኛል። ግማሹ የሚገኘው ግን የጥቅሉ ታችኛው ክፍል ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ነው። ይህ ክፍል በሙቀት ብዛት ከተበጠሰ መብራቱ ይቋረጣል ብለን እንጠብቅ ይሆናል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ 220 ቮልቱ ብዙም ሳይቀነስ በላይኛው ክፍል አልፎ ወደ ዕቃዎቹ ሊደርስ ይችላል። ለ120 ቮልት የተሠራ ብዙ ዕቃ ኃይል መቀበያው ላይ በተለመደው ጊዜ ወደ 170 ቮልት የሚሸከም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ክፍል) አለው፤ ብዙውን ጊዜም አቅሙ 200 ቮልት ነው። 220 ሲገባበት ይህ ቁጥር ወደ 310 ይወጣል። የሰማችሁት ድምፅ የዚህ ካፓሲተር ወይም ከጎኑ ያለው የቮልቴጅ መከላከያ መፈንዳት ሳይሆን አይቀርም። ቴሌቪዥንዎ የተረፈው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ስለሆነ መሆን አለበት፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተው ያረጋግጡ። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ተሠርተው 120 ቮልት ብቻ የሚቀበሉ ቴሌቪዥኖች አሉና ለሌላ አንባቢ ይህ ዕድል ላይገጥመው ይችላል።

የጎረቤትዎ ግምት እውነት የሚሆነው በጫናው በኩል ነው። 220 ቮልት መቀበል የሚችል ቴሌቪዥን ያለ አስፈላጊነት በትራንስፎርመር ሲሰካ በ110 ቮልት ስለሚሠራ የሚስበው ከረንት በእጥፍ ይጨምራል፤ ያም ጫና የሚያርፈው በትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ላይ ነው። በዚህ ላይ ሰብዉፈሩ ታከለበት፤ ድምፁም ከፍ አለ። በላዩ የተጻፈው 500 ዋት ለሰዓታት የሚሸከመው ሳይሆን ለአጭር ጊዜ የሚችለው ሊሆን ይችላል፤ ብፌ ውስጥ ተዘግቶበት ደግሞ አየር አያገኝም። ዳንቴል ካለበሱት ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቻችን ቤት፣ ነገሩ ባሰ ማለት ነው። አንድ ሰው ከዕቃዎቹ ጠቅላላ ዋት ቢያንስ እጥፍ አቅም ያለው፣ የመግቢያውና የመውጫው ጥቅል የተለያየ መሆኑን ሻጩ የሚያረጋግጥለትን ትራንስፎርመር ቢገዛ ዋጋው ይወደድበታል፤ ቢበጠስ ግን ዕቃው ከመጥፋት በቀር አይጎዳም።

ጥገናውን በተመለከተ ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ጊዜ የሚሞቱት ፊውዙ፣ የቮልቴጅ መከላከያውና ካፓሲተሩ ናቸው፤ እነዚህም ርካሽ ናቸው። ጠጋኙ የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ አገናኝቶ እንዳይሞክረው ግን አደራ፤ እንዲህ ከተደረገ ቀሪውም ክፍል ይከተላል። ከመክፈት በፊት የሰብዉፈሩን ጀርባ ይመልከቱ፤ 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ ያላቸው አሉ። ማዞሪያው ካለ፣ ከተጠገነ በኋላ 230 ላይ አድርገው ያለ ትራንስፎርመር ሊያሠሩት ይችላሉ።

ማዞሪያ ከሌለውና በውስጡ ያለው ከባዱ የብረት ትራንስፎርመር ከተቃጠለ፣ እኔ ብሆን ሌላ የ110 ቮልት ትራንስፎርመር አልፈልግለትም። ትራንስፎርመር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ስላሉ የመውጫው ቮልት እንዳለ ሆኖ መግቢያው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ (ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) እንዲጠቀለል ያድርጉ። የ50 ኸርዙን ነገር ችላ አይበሉት፤ አሜሪካ 60 ኸርዝ፣ እኛ 50 ኸርዝ ስለሆንን ለ60 የተሠራ የብረት ትራንስፎርመር ቮልቱ ተስተካክሎለት እንኳ እዚህ የበለጠ ይሞቃል። የመስመሩ ቮልት ወደ 240 ከፍ በሚልባቸው ሰፈሮች ከ220 ወደ 110 መቀነሻው ትራንስፎርመር 120 ስለሚሰጥ ሙቀቱ ይብሳል።

እስታቢላይዘር ቢኖርዎ ይህን አደጋ አያስቀርልዎትም ነበር፤ እሱ የሚያስተካክለው ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባውን እንጂ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣውን አይደለም።

እንደገና ሲያገናኙ ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት። ሥዕልና ድምፅ የሚያስተላልፈውን የኤችዲኤምአይ ገመድ ደግሞ ሁሉም ዕቃዎች ከሶኬት ተነቅለው ሳለ ያገናኙ። የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) የሌለው ሶኬት በበዛባቸው ቤቶቻችን የዕቃው ብረት ሲነካ ትንሽ የሚነዝረው ኃይል ብዙ ጊዜ ሰው ባይጎዳም በገመዱ ጫፍ በኩል ሲያልፍ የቴሌቪዥኑን የኤችዲኤምአይ መግቢያ የሚገድልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሲሆን የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ዋናው ቦርድ ነው።