የአገር ነገር እንቅልፍ ለነሳችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥብቅና ሥራ ነው። ቢሮዬ ሥራ የሚለማመዱ ወጣቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ይገባሉ። ሌሊቱን በስልካቸው የተቃጠለ ቤት፣ የተፈናቀለ ቤተሰብ፣ የስድብ ጋጋታ ሲያዩ ያድራሉ። ምሳ ላይ አንዱ ጨዋታ ሲጀምር ሌላው አንገቱን ይደፋል። “ወገን እያለቀ እኛ እንስቃለን?” ይላል።

ጥያቄው ከደግ ልብ የወጣ ስለሆነ አላቃልለውም። ግን ልቅሶ ቤት ሄዳችሁ እዩ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይዞ የሚያመሽ አለ። የሟቹን ጨዋታ እያነሣ ሰዉን ፈገግ የሚያሰኝ አለ። እዝን ይዞ መጥቶ “በሞቴ፣ ይቺን ብቻ” እያለ ሐዘንተኛውን የሚያጎርስ አለ። እነዚህ ሰዎች ሟቹን አልናቁም፤ ሐዘንተኛው ነገ ልጆቹን ማሳደግ፣ ሥራ መግባት እንዳለበት ያውቃሉ። ለአንድ ሰው ሞት ይህን ያህል ብልሃት ያለው ሕዝብ ልጆች ሆናችሁ፣ ለአገር ሐዘን ሲሆን ራሳችሁን የምትቀጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ የባሰ ቀን ያዩ ሰዎችም ነበሩን። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ “ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ” የተባለውን ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። ጽሑፉ በድብቅ ከእስር ቤት ወጥቶ በኋላ “ነገም ሌላ ቀን ነው” በሚል ርዕስ ታተመ። ሰው በሚገረፍበት ግቢ ተቀምጦ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ፍቅርና ጦርነት ዓረፍተ ነገር ማሳመር ከትግል መሸሽ ነው የሚለኝ ካለ፣ አልስማማም።

ስለ ጭንቀቱ ግን ጠንከር ያለ ነገር ልናገር። መጨነቅ ብቻውን ለማንም አይደርስም። አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ስለታሰሩ ሰዎች የሚጻፈውን ሁሉ እያነበበች ስታለቅስ ትከርም ነበር። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ልጅ ለታሰረባቸው እናቶች አቤቱታ ትጽፋለች። ስሙ ማን ነው? መቼ፣ በስንት ሰዓት ተያዘ? የትኛው ጣቢያ? እናትየዋ ስታለቅስ ብዕሯን አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሁሉም አይፈታም። አንዳንዱ ግን ቢያንስ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ ስልኳን አጥፍታ የታናሽ እህቷን ፀጉር ሹሩባ ትሠራለች፤ ሁለቱም ሲንጫጩ ይውላሉ አሉ። እንቅልፏ ተመልሷል።

ለዚህ የግድ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከላችሁ ለበላይ ኃላፊው፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ትላላችሁ። የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ለመድኃኒት ምን ያህል በጀት ተያዘለት? ይህን በጽሑፍ የጠየቀ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሰዳደብ ካደረው ይልቅ ለአገሩ ሠርቷል። የሚያሰጋ ጊዜና ቦታ መኖሩንም አውቃለሁ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የምትሄዱበትን ለቤተሰብ ንገሩ።

በእኛ ቤት አቦል ሳይጠጣ ዜና አይወራም። ቡናው ታጥቦ ሲቆላ፣ ጭሱ እያንዳንዳችን ጋ ሲዞር፣ ፈንዲሻው ሲቀርብ፣ የሚወራው ስለ ጎረቤት ልጅ ፈተና ወይም በረንዳው ላይ ስለጠወለገው ጤና አዳም ነው። ቶና ላይ ፖለቲካው ይመጣል። ይምጣ። ባለቤቴና ወንድሟ ሐሳባቸው ከቶ አይገጥምም፤ ድምፃቸውም ከፍ ይላል። ነገር ግን ስኒ እየተቀባበሉ ስለሚከራከሩ በረካ ሳይጠጣ ተቆጥቶ የወጣ የለም። እናንተም ለደስታችሁ እንዲህ ያለ ሰዓት ቁረጡለት፤ ትርፍ ጊዜ እስኪገኝ ከጠበቃችሁ ዜናው አያስተርፍላችሁም። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ቤት ስትደውሉ “ሰላም ነው?” ብላችሁ አትዝጉ። እናታችሁ ዛሬ ምን እንደሠራች፣ ማን እንደመጣ ጠይቁ፤ ብዙ የምታጫውታችሁ አላት።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ዕድር። ወጣቶች ዕድርን ለወላጅ ትታችሁታል፤ ይህ ያሳዝነኛል። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ በምርጫ የሚሾም ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ መርማሪ ያለው ጉባኤ በራችሁ ላይ አለ። በፖለቲካ የማይስማሙ ጎረቤታሞች አብረው ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ ነው። ስብሰባው በአብዛኛው እሑድ ጠዋት ነው፤ ከአባታችሁ ጋር ሂዱ። የሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ ያልገባችሁን ጠይቁ። ጸሐፊ የሚሆን ሰው ሲጠፋ እጃችሁን አውጡ፤ የአባላቱ መዝገብ ዛሬም በእጅ የሚጻፍበት ዕድር ስላለ፣ ኮምፒውተር የምትችሉ ልጆች በደስታ ትፈለጋላችሁ።