የሚቀዳው ሪሲቨሬ ሞተ፤ ምን ልግዛ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን መብራት ሲጫወትብን ከርሟል። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ አንድ ዕቃ አቃጥሎ ነው። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹም ስለዚሁ ናቸው፤ ፍላሽ ሰክታችሁ ድራማም ቅዳሴም ኳስም የምትቀዱበት ሪሲቨር ድንገት ጸጥ ማለቱ። አሳጥሬ ላቅርባቸው።

“አራት ዓመት ስቀዳበት የኖርኩት ሪሲቨር መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለ። ቀይ መብራቷ እንኳ አትበራም። ሠሪው ‘ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ’ አለኝ። ልግዛ?” (ከአዳማ)

እህቴ፣ ቆይ፣ ገንዘብሽን ገና አታውጪ። ሠሪው አዳፕተሩን በሌላ ቀይሮ ሞክሯል? ካልሞከረ ፍርዱ ገና ነው። እንዲህ ድርቅ ብሎ ከሚቀር ሪሲቨር ብዙውን ጊዜ የሚሞተው አዳፕተሩ እንጂ ሳጥኑ አይደለም። ከሪሲቨሩ ጀርባ ወይም ከሆዱ ሥር ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ተጽፏል። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ትንንሾቹ ግን 5 ቮልት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ከጎረቤት ቮልቱ ልክ እኩል የሆነ፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ጫፉ የሚገጥም አዳፕተር ተውሰሽ ሞክሪ። ለ5 ቮልት ሪሲቨር 12 ቮልት ከሰጠሽው ግን ያኔ የሠሪው ቃል እውነት ይሆናል።

እኔ ራሴ በዚህ ተሞኝቻለሁ። ‘ቦርዱ አለቀለት’ ተብዬ አዲስ ገዛሁ፣ አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከወራት በኋላ የአዲሱን አዳፕተር እንዲያው ብሰካበት ቁጭ ብሎ ሠራ። ሁለት ሪሲቨር ያለው ሰው ሆኜ ቀረሁ።

አዳፕተር የሌለው፣ ገመዱ በቀጥታ ሶኬት ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ግን የኃይል ክፍሉ ውስጡ ነው። እዚያ የሚያብጡት ካፓሲተር የሚባሉት ጣሳ መሳይ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ሠሪው ሲከፍተው ጫፋቸው ጉብ ብሎ ያየዋል። ጥሩ ሠሪ በቀላሉ ይቀይራቸዋል። አንቺ ግን አትክፈቺው፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ የሚቆይ ነገር አለበት።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር። መብራቱ በርቶ ደጋግሞ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ከጀርባው ንቀሉና አስነሱት። ያኔ ከሠራ ጥፋቱ ገመዱ ወይም ጣሪያ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ያለው ጭንቅላት) ነው፤ ውሃ ገብቶበት ወይም ሽቦው ተነካክቶ ሪሲቨሩን ወደ ታች ይጎትተዋል።

“አዲስ ልገዛ ነው። ሁሉም ሻጭ ‘ይቀዳል’ ይለኛል። እውነት ሁሉም ይቀዳል?” (ከጎንደር)

ዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው አብዛኞቹ ይቀዳሉ፣ አንዳንዱ ግን ቀዳዳው ለሶፍትዌር እና ፊልም ለማጫወት ብቻ ነው። ስለዚህ ፍላሽህን ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ፣ ሱቁ ዲሽ ካለው እዚያው ሁለት ደቂቃ አስቀዳው፣ ከዚያ የተቀዳውን አስከፍተው። ‘ቤት ሄደህ ትሞክራለህ’ ካለህ ሌላ ሱቅ አለ። ሁለተኛ፣ ኤችዲ የሚያነሳ ይሁን፣ ማለትም ዲቪቢ ኤስ 2 የሚል ይኑረው። የድሮዎቹ ኤችዲ ቻናሎችን ጨርሶ አያዩአቸውም።

ሰው ሳያውቅ ገዝቶ የሚናደድበት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ‘አንዱን እየቀዳሁ ሌላውን አያለሁ’ ብሎ ይገዛል፣ ቤት ሲደርስ ግማሹ ቻናል አልከፈት ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ላይ አንድ ፍሪኩዌንሲ እንደ አውቶብስ ነው፣ ብዙ ቻናል ይጭናል። ተራ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ መሳፈር የሚችለው አንድ አውቶብስ ብቻ ነው፤ እየቀዳህ ወንበር መቀየር ትችላለህ፣ አውቶብስ መቀየር ግን አትችልም። ይህን ለማለፍ ሁለት ቲውነር (ፍሪኩዌንሲ የሚይዘው ክፍል) ያለው ሪሲቨር ያስፈልጋል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከዲሹ ሁለት ገመድ እና ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በአንድ ሰዓት ኳስና ድራማ የሚያጣላችሁ ካልሆነ በቀር ይቅርብህ። ውስጡ ሃርድ ዲስክ ላለውም አትክፈል፤ ሲበላሽ ዲስኩም አብሮ ሠሪ ቤት ይሄዳል።

“ስንት ጊጋ ፍላሽ ይበቃኛል?” (ከሐዋሳ)

በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ቻናል በሰዓት 1.8 ጊጋ ይበላል፣ 8 ሜጋቢት ከሆነ እጥፉን። ለሳምንት ድራማ 32 ጊጋ አያንስም። በጣም ርካሹን ፍላሽ ግን አትግዙ፣ ቀርፋፋ ስለሆነ ሥዕሉ ይቆራረጣል።

“እናቴ በሕይወት ሳለች ቴሌቪዥን ላይ ቃለ መጠይቅ ሰጥታ ነበር፣ በድሮው ሪሲቨር ቀድቼዋለሁ። አዲሱ ፍላሹን ሲያገኝ ‘ፎርማት ይደረግ?’ ይለኛል። ምን ላድርግ?” (ከአዲስ አበባ)

በፍጹም እሺ እንዳትይው! ፍላሹን አሁኑኑ ንቀይና ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ያለውን ሁሉ ገልብጪ፣ ስሙ የማይገባሽን ፎልደር ሁሉ ሳይቀር። ብዙ ሪሲቨሮች ቀረጻውን በየ4 ጊጋው ወይም ከዚያ ባነሰ ቆራርጠው ስለሚያስቀምጡ አንድ ፕሮግራም አምስት ቁራጭ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ። ከዚያ ቁራጮቹን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ክፈቻቸው። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ቲኤስ (ts) የሚል ከሆነ ተስፋ አለ።

አንዳንድ ሪሲቨር ግን የሚቀዳውን ይቆልፈዋል፣ ቁልፉም የራሱ ቺፕ ውስጥ ነው፣ ሌላ መሣሪያ አይፈታውም። እንደዚያ ከሆነ የድሮውን አትጣይው። ሌላ ጊዜ ‘ለጥገና ከምታወጪ አዲስ ግዢ’ እላለሁ፣ አንቺን ግን የጥገናውን ዋጋ አትከራከሪ ነው የምልሽ። ሲነሳልሽ ቃለ መጠይቁን አጫውተሽ በቀይ፣ ነጭ እና ቢጫው ገመድ በኩል ወደ ኮምፒውተር ማስቀዳት ይቻላል። ሁለት ቦታ አስቀምጪው።

“ታይመር እሞላለሁ፣ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ቀድቶ ይጠብቀኛል።” (ከደሴ)

ሪሲቨሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው። የምሽት 2 ሰዓቱን ድራማ 20:00 ብላችሁ ሙሉ፣ የሰዓት ማስተካከያው ደግሞ ጂኤምቲ +3 መሆኑን እዩ። ማታ ዲቫይደሩን የምታጠፉም አላችሁ፤ በሪሞት አጥፉት እንጂ ከሶኬቱ ከተቋረጠ ማን ተነስቶ ይቅዳ?

“አዲሱን ሰካሁት፣ ግማሹ ቻናል የለም። ዲሽ ገጣሚው ጣሪያ ልውጣ ይላል።” (ከባሕር ዳር)

ትናንት በአሮጌው ይሠራ ከነበረ ዲሹን ማንም አይንካው። የተቀየረው ሳጥኑ ነው፣ ጥፋቱም ሜኑው ውስጥ ነው። ኤልኤንቢውን ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600 አድርገው። ከዚያ ስዊቹን፣ ማለትም የዲሾቹን ገመዶች ወደ አንድ የሚያመጣውን ዕቃ፣ ቁጥር ሜኑው ላይ እይ፤ ኢትዮሳት በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በኩል ከ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው የሚመጣው፣ ናይልሳት ከ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዲሽና የስዊች ቁጥር አለው። ቁጥሮቹን አቀያይረህ ሞክር። ገና ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ አሮጌው አሁንም የሚበራ ከሆነ የሜኑውን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

“ለእረፍት ስመጣ ለቤተሰቤ ሪሲቨር ይዤ ልምጣ?” (ከሪያድ)

በነጻ የሚታዩትን የሚያነሳ ከሆነ አምጪ። የወር ክፍያ የሚጠይቀውን ሳጥን ግን ተይው፣ ያለ ካርዱና ያለ ውሉ እዚህ የአቧራ ማረፊያ ነው። አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ካለ መብራቱ አያስቸግርም። ሶኬቱ ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የእኛ ክብ ነው፣ መቀየሪያ ጨምሪበት።

“አዲስ ከገዛሁ ወር አልሞላኝም። በመስቀል ሰሞን ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። ልመልሰው?” (ከቢሾፍቱ)

አትመልሰው፣ ፀሐይ ናት። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፣ የእሷ ጩኸት የሳተላይቱን ድምፅ ይውጠዋል። ለጥቂት ቀናት በየቀኑ ይደጋገምና ይተዋል፣ በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ይመለሳል። ያን ሰዓት ታይመር አትሙላበት።